ከደረጃው ሥር የሚሳፈሩ

አውቶቡስ በነፃ ይሁን የተባለ ዕለት የዘጠኝ ቁጥር መሥመር ቲኬት ቆራጮች «እንግዲህ ሥራችን አበቃ» ብለው ተሰነባብተው ነበር። በመሥመሩ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የቆረጠችው ሴትዮም ከኋለኛው በር አጠገብ ያለችውን ከፍ ያለች ወንበሯን ለመጨረሻ ጊዜ በጨርቅ ወለወለች፤ ሳጥኗን አስረከበች፤ ቤቷ ገብታ ጫማዋን አወለቀችና ለአባቷ «በቃ፣ አረፍኩ» አለችው።

አባትየው ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነው። እናትየው ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከሻይ ብርጭቆው ቀና ሳይል «አንቺ ደግሞ ማረፍ የት ታውቂበታለሽ» አላት።

እውነቱን ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የታጠበውን መጋረጃ መልሳ ስታጥብ፣ የተደረደረውን ብርጭቆ መልሳ ስትደረድር ከረመች። በአራተኛው ቀን መሥሪያ ቤቱ ሲጠራት ለምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ሄደች።

አዲሱ ሥራ መቁጠር ሆነ። አውቶቡስ ነፃ ሲሆን የከተማው ሰው አካሄድ እንዴት እንደሚለወጥ መሥሪያ ቤቱ ማወቅ ፈልጓል። ከቀድሞዎቹ ቆራጮች አሥራ አንዱን መረጠና በየእጃቸው ከመዳፍ የማትበልጥ መቁጠሪያ አስያዛቸው። ሰው በተሳፈረ ቁጥር በአውራ ጣት አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ «ጠቅ» ትላለች፣ ቁጥሯም በአንድ ከፍ ትላለች። ከእያንዳንዱ ፌርማታ ሲነሡ የደረሰችበትን ቅጹ ላይ አስፍሮ ወደ ዜሮ መመለስ ነው። ሌላ ጣጣ የለውም። ሥራው ቢቀየርም ስሙ አልለቀቃትም፤ ሾፌሩም ተሳፋሪውም አሁንም «ቆራጯ» ነው የሚሏት።

«መቁጠሪያ ይዘሽ ትጸልዪልን ጀመር?» ይላታል አንዱ።

«ለሾፌሩ ነው የምጸልየው። እናንተማ ተቀምጣችኋል፣ ምን ትሆናላችሁ።»

ነፃ መሆን ሰውን ምን እንደሚያደርገው ከሷ ወንበር ሆኖ ማየት ደስ ይል ነበር። ሽንኩርት ሻጯ ድሮ የቀኑን ጭነት አንድ ጊዜ አዝላ፣ መሬት መሬቱን እያየች ነበር ገበያ የምትደርሰው፤ አሁን ግማሽ ግማሹን እያደረገች ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች። ወገቧ ሲቀና ምላሷም አብሮ ተፈታ። በአንድ ከተማ እየኖሩ ለቅሶ ላይ ብቻ ይገናኙ የነበሩ ሁለት የአክስት ልጆች ጠዋት ጠዋት ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀጣጥረው ወሬያቸውን ይጨርሳሉ፤ የሚሄዱበት የላቸውም፣ ወሬው ሲያልቅ በየፊናቸው ይመለሳሉ። ጡረተኛው አስተማሪ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ተቀምጦ ጋዜጣውን ከመነሻ እስከ መድረሻ፣ ከመድረሻ እስከ መነሻ ያነባል። ወጣቶቹ ደግሞ ሦስት ደቂቃ የሚያስኬደውን ላለመሄድ አምስት ደቂቃ ቆመው ይጠብቃሉ። ብስክሌት ጠጋኙ «ገበያዬን ገደላችሁት» እያለ ይራገማል፤ የሚራገመው ግን እዚያው አውቶቡስ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ከሁሉም አብልጦ ይጠብቅ የነበረው መኪናውን ደጁ አቁሞ የሚመጣውን ሰው ነበር። በዘጠኝ ቁጥር ላይ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ተገኘ፤ ጥርስ ሐኪሙ። ሁለት ሳምንት ቦርሳውን ታቅፎ ተመላለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ጣለና ወደ መኪናው ተመለሰ። ሾፌሩ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር ክላክስ ያደርግለታል።

የአባቷ መለወጥ ግን የሌላውን ሁሉ አስረሳት።

ቤታቸው ከዳገቱ ግርጌ ነው። ዳገቱን ለመውጣት መቶ አሥራ ሁለት የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ከነዚያ ውስጥ የላይኞቹን ሃምሳ በጎልማሳነቱ የገነባው አባቷ ራሱ ነው። «ያኔ ስሠራው ጉልበቴን አላማከርኩትም» ይላል። ከደረጃው በላይ፣ አደባባዩ ጥግ፣ ጓደኛው ሰዓት ሠሪው በመስታወት ኪዮስኩ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱ አርባ ዓመት ዳማ ተጫውተዋል። የአባቷ ጉልበት እምቢ ካለ በኋላ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የሚተያዩት ቀብር ላይ ብቻ ሆነ። ሰዓት ሠሪው ኪዮስኩን ጥሎ አይወርድም፤ ግንበኛው አይወጣም።

«አውቶቡስ አለ እኮ፣ አባባ» ትለው ነበር በዚያ ዘመን። «አንዲት ፌርማታ ናት።»

«ብከፍልሽ አትቀበይኝም። ባልከፍልሽ በሥራሽ ላይ ሌባ አደርግሻለሁ። ቤቴ ይሻለኛል።»

«ከሰዓት በኋላ በጢሞ ሂዳ።» ጢሞ የከሰዓቱ ቆራጭ ነው፤ ጢሙ ከሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው።

«ጢሞም የሚያውቀኝ ያንቺ አባት ብሎ ነው።»

አውቶቡሱ ነፃ የሆነ ሳምንት ግን አባትየው ጢሙን ተላጨ፣ ኮቱን ለበሰ፣ «ለሁሉም ከሆነ ውለታ የለበትም» አለና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከደረጃው ሥር ይሳፈራል፤ አደባባዩ ጋ ይወርዳል። መንገዷ ሁለት ደቂቃ ብትፈጅ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ግን ልጁን አያውቃትም። የሥራዋን ክብር መጠበቁ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ እሜቴ» ይላታል፣ አብረው ሻይ ጠጥተው እንዳልተለያዩ ሁሉ።

«እግዜር ይመስገን፣ አባት። እርስዎስ?» ትለዋለች እሷም ፊቷን ሳታዞር።

ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል።

አራተኛው ወር ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቆራጯ ፈረቃዋን ጨርሳ ቤቷ ስትገባ አባቷ ኮቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ አገኘችው። በዚያ ሰዓት ቤት ተገኝቶ አያውቅም።

«አባባ፣ ምነው? አመመህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ሳትወጣ ቀረህ?»

«ፌርማታው ድረስ ሄጄ ማስታወቂያ አንብቤ ተመለስኩ።» ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «ከመጪው ወር አንድ ጀምሮ ዘጠኝ ቁጥር ከደረጃው ሥር አይቆምም ይላል። በቆጠራ መሠረት የሚሳፈርበት ሰው ባለመኖሩ። እንዲህ ነው የሚለው፤ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እኔ እንግዲህ ሰው አይደለሁማ።»

«የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው እኮ አባባ፣ እንዲህ ማለታቸው…»

«ቆጠራው የማን ነው?»

«ጠዋት የኔ ነው። ከሰዓት የጢሞ።»

«እንግዲያው ጢሞ መቁጠር አይችልም» አለ አባትየው ቆርጦ፣ ኮቱንም ማውለቅ ጀመረ።

እሷም የጠረጠረችው ጢሞን ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ተመልሳ ወጣችና ወደ አውቶቡሶቹ ማደሪያ ሄደች። ቅጾቹ በመሥመር በመሥመር ታስረው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። የዘጠኝ ቁጥርን ፈትታ «ከደረጃው ሥር» የሚለውን ዓምድ በጣቷ ወደ ታች ተከተለችው። ከሰዓት በኋላው ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ ነው። ጠዋቱም ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ዜሮ። የጠዋቱ ጽሑፍ የራሷ እጅ ነው፤ ዜሮውን ስትጽፍ ጭራ የምታስቀርበት ልማድ አላት፤ ጭራው በየመሥመሩ አለ። ብዙ ፌርማታ፣ ብዙ ቁጥር፤ በየቀኑ መቁጠሪያዋ ላይ ያየችውን ገልብጣ ስታልፍ አንድም ቀን ቆም ብላ አላሰበችበትም።

ጢሞ ፈረቃውን ሊጀምር ግቢው ውስጥ ቆሞ ዳቦ ይገምጣል።

«ከደረጃው ሥር ስንት ትቆጥራለህ?» አለችው።

«የተሳፈረውን ነዋ፣ እታለም።»

«ዜሮ ነው የምትጽፈው።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

«በቃ ዜሮ ነዋ።»

«አባቴ ታዲያ በየቀኑ በምንድን ነው የሚወጣው? በክንፍ?»

ጢሞ ማኘኩን አቆመ። መቁጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ጠቅ ጠቅ አደረጋት። ምንም አልሆነችም፤ ደህና ትሠራለች።

በማግስቱ አባትየው ማስታወቂያው ሥር ከቆሙት ሽማግሌዎች ጋር እንደ ወትሮው ተሳፈረ። «እንደምን አደሩ፣ እሜቴ» አለ፤ ግን የሁልጊዜ ቦታው ላይ አልተቀመጠም፣ ከወንበሯ ፊት ለፊት ሆነ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱም አልወረደም። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደ፣ አብሯቸው ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ሾፌሩ በመስታወቱ «ዛሬ አባት ከተማ ሊያዩ ነው» አላት። እሷ ግን ገብቷታል፤ አባቷ እንዲህ ዝም የሚለው ግድግዳ ሲያጠና ነው። ድሮ በልጅነቷ ምሳ ይዛለት ስትሄድ እንዲህ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግድግዳ ሲያይ ታገኘው ነበር።

በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ሰው ሁሉ ሲወርድና ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ፣ አባቷ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። መተዋወቃቸውን ይክድ የነበረ ሰው እጁን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገ።

«ልጄ፣ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ጠጠር ይዤ ነበር። ከደረጃው ሥር ሰው በወጣ ቁጥር አንድ ወደ ግራ ኪሴ አዛውራለሁ።» የግራ ኪሱን ገለበጠና ጠጠሮቹን መዳፏ ላይ አፈሰሰላት። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። «በሦስት ዙር ነው ይሄ። ጣትሽ አንድም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።»

«እንዴት ይሆናል? እዚሁ ተቀምጬ?»

«ተቀምጠሽ አይደል። በሩ ሲከፈት ፊትሽን ወደ መስኮት ታዞሪያለሽ። ሲዘጋ ትመለሻለሽ። እኔ ድሮ ለኔ መስሎኝ ነበር፤ ያቺ የማንተዋወቅ ጨዋታችን። ዛሬ ሳይ ግን ለሁሉም ነው። እዚያች ፌርማታ ላይ ብቻ።»

ቆራጯ ጠጠሮቹን ጨበጠች። ነገሩ ቀስ እያለ መጣላት፤ ከሩቅ፣ ከሥራዋ የመጀመሪያ ሳምንት። ያኔ ሥራውን ያስተማሯት አንዲት አሮጊት ቆራጭ ነበሩ። ከደረጃው ሥር ሲደርሱ ክንዷን ነካ አድርገው «እዚህ ላይ መስኮት መስኮቱን እዪ» ብለዋት ነበር። «እዚህ የሚሳፈሩት ጉልበት የከዳቸው ናቸው፤ አንዲት ፌርማታ ወጥተው ይወርዳሉ። ካየሻቸው ሒሳብ መጠየቅ ግዴታሽ ነው። በሩ እስኪዘጋ ወደዚያ እዪ።» የዘጠኝ ቁጥር ቆራጮች ሁሉ ይህን ያውቁ ነበር፤ አንዱ ለአንዱ ያወርሰዋል፤ የትም አልተጻፈም። እሷም መጀመሪያ ላይ ሆን ብላ፣ ልቧ እየመታ ታደርገው ነበር። ከዚያ ዓመታት ሲያልፉ ልቧ መምታቱን ተወ፣ አንገቷ ግን መዞሩን አልተወም። አሁን ቲኬቱ ቀርቷል፤ ያንን ለአንገቷ የነገረው የለም።

«አባባ» አለች። «እናንተን እንዳልጎዳ ብዬ ነው የጎዳኋችሁ።»

«ይሄማ ገባኝ። ገብቶኝም ነው የመጣሁት» አለ አባቷ። «አሁን እንዴት እንደሚቃና አስቢ። እኔ አደባባዩ ጋ እወርዳለሁ፤ ያ ሰውዬ የሞትኩ ይመስለዋል።»

ጢሞ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም፤ ከዚያ በዓይነ ሕሊናው አውቶቡሱን ከደረጃው ሥር አቆመ መሰለኝ፣ አንገቱ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ዞረ። «ወይ ጉድ» አለ ጢሙን ይዞ። ወዲያው ግን መላ መጣለት።

«ቀላል ነው፣ እታለም። ከነገ ጀምሮ ስልሳ ስልሳ ጠቅ እናድርግ። ሰው በዛ እንላለን። ማን ያያል?»

«ስልሳ ናቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እኔም አላውቅም። አራት ወር ዜሮ ነው ብለን ዋሸን፣ አሁን ደግሞ ስልሳ ብለን እንዋሽ?»

«ሳናውቅ የጻፍነው ውሸት አይደለም።»

«ሁለተኛው ግን ነው።»

ጢሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ሴትዮ፣ የያዝነው የስድስት ወር የቅጥር ደብዳቤ ነው። ሄደሽ ‹መቁጠር አልቻልንበትም፣ ደግሞ ለዓመታት ሰው ያለ ቲኬት ስናሳፍር ነበር› ብትያቸው፣ ነገ በር ላይ መሣሪያ ገጥመው እኔንም አንቺንም ይሸኙናል። ለአንዲት ፌርማታ ብለሽ?»

እሷም ያንን ፈርታ ነበር። ሦስቱ የሥራ ፈት ቀናት ትዝ አሏት፤ ያ መጋረጃ። ግን ስድስት ዓመት አባቷ መስኮት ሥር ተቀምጦ ዳማውን ብቻውን በሁለት ቀለም ሲጫወት፣ ደግሞ ለራሱ ተራ ሲሰጥ የኖረውም ትዝ አላት።

«ያንተን ስም አላነሣም» አለችው።

«አንሺው» አለ ጢሞ ተናዶ። «ብቻሽን ነሽ ጥሩ ሰው እንዴ?»

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። የቆጠራው ተቆጣጣሪ ወጣት ነው፤ ትምህርት ቤት ከሷ ልጅ ጋር ሊማር ይችል ነበር፣ ልጅ ቢኖራት። ቢሮው ጠባብ ነው፤ አንዱ ግድግዳ በሙሉ የከተማው ካርታ ነው፣ መሥመሮቹ በባለቀለም ክር ተወጥረዋል። ተነሥቶ ወንበር ሳበላት።

«እትዬ፣ ይቀመጡ። እንዴት ነው ዘጠኝ ቁጥር? መኪና ያለው ሰው መጣልን?»

«ጥርስ ሐኪሙ ተመልሷል።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ» አለ በሐዘን።

ከዚያ ነገረችው። አንዱንም አላስቀረችም፤ አሮጊቷን ቆራጭ፣ መስኮቱን፣ ጠጠሮቹን። ጠጠሮቹን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ስንት ዓመት ነው ይሄ?»

«እኔ ሃያ ሁለት። ከኔ በፊት የነበሩትን አላውቅም።»

«መሥሪያ ቤቱ አያውቅም ነበር?»

«መሥሪያ ቤቱም መስኮት መስኮቱን ሲያይ ነበር መሰለኝ።»

ወጣቱ አልሳቀም፤ አፉን ግን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ካርታው ፊት ቆመና ረጋ ብሎ አስረዳት። ክፋት የለውም። አውቶቡስ ነፃ ከሆነ ወዲህ ሰው ለአንድ ፌርማታም ይሳፈራል፣ አውቶቡሱም በየሁለት መቶ ሜትር እየቆመ ዘገየ። ከዳር የሚመጣው ሠራተኛ ይረፍድበታል። ጥርስ ሐኪሙን የመሰለው ደግሞ ለሚያዘግም አውቶቡስ መኪናውን አይተውም። ስለዚህ ሰው የማይሳፈርበትን ፌርማታ መቀነስ ግድ ነው። «እኔ የማየው የእናንተን ቅጽ ነው፣ እትዬ» አለ። «ዜሮ ካላችሁኝ ዜሮ ነው።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ጠጠሮቹን በጣቱ ቆጠራቸው። «ወሩ ሊገባ ዘጠኝ ቀን አለን። ሦስት ቀን እኔ ራሴ አብሬ እቆጥራለሁ። ከዚያ ቁጥሩ ያለውን ነው የማደርገው። ከዘጠኝ ቁጥር የሚቀረው ሌላ ፌርማታ ሊሆን ይችላል፤ ወይ ይሄው ራሱ። ስለ እርስዎ ሥራ ግን ቃል አልገባም።»

«አላስገባህም» አለች።

ሦስቱን ቀን ተቆጣጣሪው በአጠገቧ፣ ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከደረጃው ሥር ሲደርሱ ቆራጯ አንገቷን ለመያዝ የሚደርስባትን መከራ አይቶ «ልያዝልዎት?» እስከ ማለት ደረሰ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣችው በትር የያዘች ሴት ነበረች፤ ጠቅ። ከኋላዋ ያበጠ እግሩን በነጠላ ጫማ ያስገባ ልብስ ሰፊ፤ ጠቅ። አንዲት እናት ከነታቀፈችው ሕፃን፤ ጣቷ ሁለት ጊዜ ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት በዓይነ ውኃቸው እንኳ ያላወቀቻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዷ «ዛሬማ አየሽን» ብላት አለፈች።

ተቆጣጣሪው የሚሞላው የራሱ ቅጽ ነበረው፤ የተሳፈረውን ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል። አባቷም ተራው ደረሰ።

«አባት፣ አውቶቡስ ነፃ ከመሆኑ በፊት ይህን መንገድ በምን ነበር የሚሄዱት?»

«አልሄድም ነበር።»

«ማለቴ፣ በእግር ነው፣ በብስክሌት፣ በታክሲ፣ ወይስ በግል መኪና?»

«በወንበር» አለ አባትየው። «ቤቴ ቁጭ እል ነበር።»

ወጣቱ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው። «ለዚህ የሚሆን ቦታ የለኝም፣ አባት።»

«ምን ያህል ቦታ ይፈልጋል? ቀጭን ሰው እኮ ነኝ።»

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ልብስ ሰፊው «እኔንም እዚያው ከሳቸው ጋር ጻፈኝ» አለ። ባለ በትሯ ሴትዮ «እኔ ሐኪም ቤት ቀጠሮዬን እየተውኩ ነበር፤ ለዚህስ ቦታ አለህ?» አለች። ሌላው ደግሞ ልጁ ቤት በዓመት አንዴ፣ ያውም ሲጭኑት ብቻ ይሄድ እንደነበር ተናገረ። ተቆጣጣሪው አደባባዩ እስኪደርሱ አንዱንም መጻፍ አልቻለም። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠና በጀርባው፣ ክፍት በሆነው ነጭ ላይ፣ «አይሄዱም ነበር» ብሎ ጻፈ፤ ሥሩንም አሰመረበት፤ ጭረት መደርደር ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ያ ጀርባ ከፊቱ በልጦ ነበር።

ቆራጯ አየችው። መኪና የተወ ሰው ፍለጋ የመጣ ልጅ ነው፤ በሦስት ቀን አንድም አላገኘም። ግን ያኮረፈ አይመስልም፤ ቁጭ ብሎ እግሩ ያበጠውን ልብስ ሰፊ ስለ ኮት ገበር ይጠይቀዋል።

ማስታወቂያው ወሩ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ተነሣ። በምትኩ ታች ዳቦ ቤቱ ጋ ሌላ ተለጠፈ፤ ያቺ ወጣቶቹ አምስት ደቂቃ የሚጠብቁባት ፌርማታ ቀርታለች፣ በእግራቸው ይሂዱ። ለቆራጯና ለጢሞ ደግሞ አንድ አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። ከማስጠንቀቂያው ሥር፣ ከእንግዲህ ማንም የቀድሞ ቆራጭ በቆረጠበት መሥመር ላይ እንዳይቆጥር ተወስኗል። ጢሞ ወደ አምስት ቁጥር፣ እሷ ወደ ሦስት ቁጥር።

«ሃያ ሁለት ዓመቴን ወሰዱብኝ» አለችው አባቷን ደብዳቤውን እያሳየችው።

አባትየው መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሥራሽን አልወሰዱም» አለ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ «ጠዋት ጠዋት ሰላም የምልሽ ግን ቀረ» አለ።

ሦስት ቁጥር ከሜዳው ሰፈር ወደ ፋብሪካዎቹ የሚሄድ መሥመር ነው። የመጀመሪያዋን ጠዋት እንደ እንግዳ ተቀመጠች። የትኛው ፌርማታ ላይ ማን እንደሚወጣ አታውቅም፤ ሾፌሩ እንኳ ስሟን አያውቅም። ስለዚህ ሁሉንም ታያለች። በሦስተኛው ፌርማታ አንዲት ባልቴት ገቡና ወንበሯ ፊት ቆመው ከቦርሳቸው ሳንቲም መፈለግ ጀመሩ።

«እናቴ፣ ነፃ ነው እኮ። አራት ወሩ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ እየፈለጉ። «እጄ ነው ያልሰማው።»

ቆራጯ ሳቀች፤ ለረጅም ጊዜ እንዲህ አልሳቀችም። ስትስቅ መጫኑን ልትረሳው ነበር፤ ባልቴቷ አልፈው ከተቀመጡ በኋላ ትዝ አላትና ጠቅ አደረገቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስትገባ አባቷ ገና አልመጣም። ሻዩን ጣደች። በሩ ሲከፈት ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ወረወረው፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ምነው አባባ? ተቆጣጣሪው ደግሞ ምን አለ?»

«ምን ተቆጣጣሪ። ያ ሰውዬ ነው።»

«ሰዓት ሠሪው?»

«አታላይ። ኪዮስኩ ውስጥ ደንበኛ መጣ ብሎኝ ዞር ስል የዳማ ጠጠሬን አንሥቷታል። ‹አላነሣሁም› ይለኛል፣ ዓይኔን እያየ። ድሮም እንዲህ ነበር፤ ስድስት ዓመት ስላላየሁት ረስቼው። ተጣልተን ተለያየን።»

«ወይኔ፣ አባባ። አሁን እንግዲህ ልትቀር ነው?»

አባትየው እንደ ሰነፍ ተማሪ አያት። «ለምን እቀራለሁ? ነገ በጠዋት ሄጄ ነው የምጨርስለት። ከነገ ወዲያም አለ። ስኳር የት ነው?»